ወደ ኋላ መሄድ የተማርኩበት ሳሎን

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ዱራሜ ሄጄ የገባሁበት ቢሮ ወለሉ ገና ሰም ተቀብቶ ነበርና፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ በር ላይ ቆምኩ፤ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ በየቅዳሜው ከሰዓት እሄድበት የነበረው ሆሳዕና ያለው የሲስተር የሺ ሳሎን፣ ሶፋው ወደ ጥግ ተገፍቶ፣ ጣውላው እያብለጨለጨ ትዝ አለኝ።

ሲስተር የሺ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ በወጣትነታቸው ኩባ ሲማሩ ታንጎን ከአንዲት አርጀንቲናዊት የክፍል ጓደኛቸው የቀሰሙ። ባላቸው ሲሞቱ አብሯቸው የሚደንስ ስለጠፋ፣ ከተማው ውስጥ ሰው ከሌለ እኔው አሠለጥናለሁ ብለው ሰፈሩን ጠሩ። አምስት ሆነን ሄድን።

የመጀመሪያውን ወር ዳንስ የሚባል ነገር አላየንም፤ መሄድ ብቻ ነበር፣ ወንዶቹ ወደ ፊት፣ እኛ ወደ ኋላ። እኔ ደግሞ የሰባት ልጆች ታላቅ ነኝና ማንንም ጠብቄ አላውቅም፤ አጣማሪ ሆኖ የደረሰኝ የሒሳብ አስተማሪው መምህር ደሳለኝ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ "አንድ፣ ሁለት" እያለ ገና ሲያስብ እኔ ሄጃለሁ፣ ጉልበታችን ይጋጫል፣ ሁለታችንም ይቅርታ እንጠያየቃለን።

"አትገምቺ ልጄ፣ ጠብቂ" ይሉኛል ሲስተር የሺ።

እልህ ያዘኝ። ጓሯችን ውስጥ በእንሰቱ መሃል ወደ ኋላ ስመላለስ ታናናሾቼ አበደች ብለው ለእናቴ ነገሯት።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እኔ መዘምር፣ አባቴ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነበር። ወይ ጭፈራውን ወይ መዝሙሩን ምረጪ ተባልኩ። መዝሙሩን ስለምወደው አለቀስኩ፤ ግን ከስንት ድካም በኋላ አንድ ሙሉ ዘፈን መምህር ደሳለኝን ሳልቀድም መጨረስ የቻልኩት በዚያው ሰሞን ነበርና፣ ቅዳሜ ሲደርስ ዓይኔን ታጥቤ ሄድኩ።

በሦስተኛው ወር አባቴ መጣ። ዣንጥላውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ፣ ክፍሉን ዞረን እስክንጨርስ አየን።

"አንቺ ልጅ፣ ወደ ፊት መሄድ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ወደ ኋላ ማን አስተማረሽ?"

"እኔ ነኝ አቶ ኤርጫፎ" አሉ ሲስተር የሺ፣ ካሴቱን ሳያጠፉ። "እስቲ ይግቡና ራስዎ ይያዟት።"

ሁላችንም አቀረቀርን። አባቴ ዣንጥላውን አስደግፎ፣ ጭቃ የያዘ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ገባ። የሚያቃጥል ነገር እንደሚነካ ፈራ ተባ እያለ እጁን ጀርባዬ ላይ አሳረፈ። ከሙዚቃው ጋር ፈጽሞ አልተገናኘም፤ እኔ ግን ጠበቅሁት። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ዝቅ ብሎ በሀዲይኛ "ይኸው ነው?" አለኝ።

"ይኸው ነው አባዬ።"

"መሄድ ነዋ!" ብሎ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ከመዘምራኑ መታገዴ አልቀረም፤ እሱም ተከራከረልኝ ሲባል አልሰማሁም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ምሳ እንደተበላ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር "ሰዓትሽ ደርሷል" ይለኝ ነበር።

ሲስተር የሺ አዲስ አበባ ልጆቻቸው ጋ ሄደው እዚያው አረፉ፤ ቤታቸውም ፈርሶ ፎቅ ተሠራበት። እኔ ከብዙ ጎበዝ ሰዎች ጋር ደንሻለሁ፤ አባቴን ከቀበርነው ሦስት ዓመቱ። በእኛ ቤት አባት ሴት ልጁን ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ አያቅፍም። ካደግሁ ወዲህ የእሱ ክንድ ያረፈብኝ ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ቢበዛ አሥራ ሁለት እርምጃ።