ዳንቴሉ የሚያርፍበት

ዳንቴሉ ዛሬም ከቴሌቪዥኑ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ሳነሳው የትኩስ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ የሸተተኝ መሰለኝ፤ የዚያን ጊዜ ንዴቴም አብሮ መጣ።

የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። አባቴ ኮምፒውተር ሊገዛልኝ ከውቤ በረሃው ቤታችን ቁልቁል ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ወረድን። የሱቁ ባንኮኒ ላይ ሁለት ስክሪኖች ጎን ለጎን በርተው ነበር፤ አንዱ ስስ ጠፍጣፋ፣ ሌላው የሰፈር ልጆች ቂጣሙ የሚሉት ባለ ትልቅ ጀርባ። ጠፍጣፋው ያገለገለ ስለነበር ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። እኔ ጠፍጣፋውን የፈለግሁት ለማማሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ከጓዳ ነበር፤ የምንበላውም የማጠናውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቂጣሙ ከተቀመጠበት ደብተር የምዘረጋበት ቦታ አይተርፈኝም።

ይህን መንገዱን ሙሉ ሳስረዳው ነው የወረድነው። ሻጩም ጠፍጣፋው ዓይን አያደክምም፣ መብራት አይበላም ብሎ ደገፈኝ። አባቴ ግን የጠፍጣፋውን አናት በጣቱ ዳሰስ አደረገና የቂጣሙን ጀርባ በስንዝር መለካት ጀመረ። ስክሪን ከጀርባው ሲለካ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ይሄኛው ይሁን» አለ።

«ለምን አባዬ?»

«ዕቃ ማለት ክብደት ያለው ነው።»

በታክሲ ስንመለስ ካርቶኑ ጉልበቴ ላይ ነበር። እስከ ቤት አኩርፌ ሄድኩ።

እናቴ ገና ከሳጥኑ ሳናወጣው ነጭ ዳንቴል ይዛ መጣች። ክረምቱን ሙሉ፣ እየደከመ በሄደው ዓይኗ፣ መስኮቱ ሥር የሠራችው ለዚህ ነበር። ልኩን ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በስንዝር ወስዶ የነገራት ደግሞ አባቴ ነው። ቂጣሙን ስታለብሰው ልክክ አለ። አባቴ ወደ እኔ ሳያይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ያዘ።

ልቤ የራራ እንዳይመስላችሁ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን የጨረስኩት ኪቦርዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው። ዳንቴሉ የአየር ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ስክሪኑ ይግልና ቤቱ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። አነሳዋለሁ፤ ዞር ስል እናቴ ትመልሰዋለች። ይቃጠላል ብዬ ስቆጣት፣

«ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም» ትለኛለች።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ዳንቴል አልሠራችም፤ ዓይኗ እምቢ አላት። ዛሬ እሷም አባቴም የሉም። ቤቱ ፈርሶ መንገድ ሆኗል፣ ቂጣሙንም ቆራሌው ወስዶታል። እኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ የተመኘሁትን ጠፍጣፋ ነገር ሁሉ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ዳንቴል የሚሸከም ጀርባ ያለው ግን አንድም የለም። ፍሪጁ ላይ አድርጊው ይሉኛል። ለፍሪጅ አልተሠራም፤ ልኩም አይደለም። ይህን ለሰው ማስረዳት ሰልችቶኛል።

ዛሬ ግን ተናድጄ ቴሌቪዥኑ ላይ መልሼ ዳር ዳሩን በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት። ማታ ዜና ስከፍት የአንባቢዋን ግንባር ሸፍኖታል። አላነሳሁትም።