የአጎቴ እግር፣ የአጎቴ በቅሎ

ከባሕር ዳር የተነሣሁት አጎቴን ለማምጣት ነው። አጎቴ ቄስ ሞገስ ከዱርቤቴ ወጣ ብላ ባለች ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ከቅዳሴ ወጥተው በቅሏቸውን እየሳቡ በአስፋልቱ ዳር ሲመለሱ፣ የከብት መንጋ ለመቅደም የተጣደፈ ሚኒባስ ሁለቱንም ገጫቸው። የእሳቸው እግር ተሰበረ፤ የበቅሎዋ ጎን ተቀደደ። የደወሉልኝ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። «ሹፌሩ ወርዶ መጀመሪያ ያየው የመኪናውን መብራት ነው» አሉኝ። ከዚያች ቃል ጀምሮ ደሜ እንደፈላ ነው።

መሄጃው

ጠዋት ከምኖርበት ከሹም አቦ ሰፈር በባጃጅ መናኸሪያ ደርሼ የዱርቤቴ ሚኒባስ ያዝሁ። መሸንቲን ስናልፍ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው በቆሎ ሰው ውጦ የሚያስቀር ነበር። የገበያ ቀን ስለሆነ አስፋልቱ በአህያ፣ በበግና በሰው ተሞልቷል። ሹፌራችን ግን ጥሩምባውን እያንባረቀ በመሐላቸው ይበራል።

መራዊ ከመግባታችን በፊት አንዲት አህያ መንገድ ዳር ሞታ ተጋድማለች። ጭነቷን እንኳ ያወረደላት የለም። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አየና «ዛሬ ጅብ ሰርግ አለበት!» አለ። ሰው ሳቀ።

«ባለቤቷስ?» አልሁት።

ሹፌሩ በመስታወቱ ገላመጠኝ። «አስፋልት ላይ ማን ልቀቃት አለው?»

ሌላ መንገድ የት አለውና! አስፋልቱ የተዘረጋው አባቶቹ ከብት ሲነዱበት በኖሩት መንገድ ላይ ነው። ይህን ስናገር ማንም ዞሮ አላየኝም።

ዱርቤቴ

አጎቴ መደብ ላይ ተጋድመዋል። ወጌሻ እግራቸውን በቀርከሃ አስሮታል፤ ጣቶቻቸው ግን አብጠው ጠቁረዋል። ጤና ጣቢያው በዚያኑ ዕለት ወደ ባሕር ዳር ይሂዱ ብሏቸው ነበር፤ እንቢ ያሉት ራሳቸው ናቸው።

«አባ፣ ምን እየጠበቁ ነው? እግርዎ ሊቆረጥ እኮ ነው!»

«በቅሎዋ መላ ሳታገኝ ከዚህ አልነቃነቅም። እኔ ከወጣሁ ለጅብ ያወጧታል።»

ጎረቤታቸው አያ ምሕረት በር ላይ ቆመው ይሰማሉ። «የቆሰለ የጋማ ከብት ምን ይደረጋል? ገደሉ ያው፤ አውሬ ይብላት እንጂ» አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ልማዱ ነው። እኔ ግን ንዴቴ በሁለቱም ላይ ገነፈለ።

«አባ፣ በቅሎ ከእግርዎ ይበልጣል?» ብዬ ጮኽሁባቸው። ካህን ላይ ስጮኽ እትዬ ጥሩወርቅ ደንግጠው አማተቡ።

አጎቴ አልተቆጡም። «ልጄ ትርንጎ፣ ክረምት ከበጋ ወንዝ ያሻገረችኝ እሷ ናት። መኪናው ሲመታን በላዬ ልትወድቅ ነበር። ዐይኔ እያየ ወዲያ ተወራጭታ በቁስሏ ወደቀች። አሁን ትቻት ልሂድ?»

ወጥቼ የእንስሳት ክሊኒኩን እየጠየቅሁ ሮጥሁ። ሐኪሟ ቦርሳዋን አንግታ ተከተለችኝ። በቅሎዋ ከአጥሩ ሥር አንገቷን ደፍታ፣ ዝንብ ወርሯት ቆማ ነበር። ሐኪሟ ቁስሉን አጥባ ስትሰፋ እንዳትራገጥ የበቅሎዋን ከንፈር ጨብጠው የያዙላት እኒያው አያ ምሕረት ናቸው። ሲያልቅ እጃቸውን በሣር እየጠረጉ «በሉ ቄስ ሞገስን አሳፍሩ፤ እኔ ዘንድ ትሰንብት» አሉ።

መመለሻው

አጎቴን በቃሬዛ አምጥተን የኋላ ወንበር ላይ አስተኛናቸው። ረዳቱ እግራቸውን ስለዘረጉ የሦስት ሰው ካልተከፈለ አለ፤ ጥርሴን ነክሼ ከፈልሁ። ብዙም ሳንርቅ ውኃ ጠጥተው የሚመለሱ ከብቶች መንገዱን ሞሉት። ሹፌሩ ፍጥነት ጨምሮ ሰነጠቃቸው። አንዲት ጥጃ ለጥቂት ተረፈች። መኪናው ሲናጥ አጎቴ «እግዚኦ ጌታዬ!» ብለው ተቃሰቱ።

«ቀስ በል! የተሰበረ ሰው ጭነሃል!» አልሁት።

«ካልተመቸሽ ኮንትራት ያዢ!»

«እስቲ ዝም በይ እህቴ፣ ሁሉም ይቸኩላል» አለኝ ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ።

ያን ጊዜ ከኋላ የአጎቴ ድምፅ መጣ። «ወራጅ አለ!»

ረዳቱ ዞሮ «አባ፣ እዚህ ሜዳ ላይ የት ሊወርዱ?» አላቸው።

«እዚሁ። እየዳኽሁ እገባለሁ እንጂ፣ የሌላው አጥንት ሲሰበር ተቀምጬ አላይም።»

ዶሮ የያዘች ሴት «እኔም እወርዳለሁ» ብላ ብድግ አለች። አንድ ወጣት ተከተላት። ዝም በይ ያለኝ ሰውዬ እንኳ «ኧረ ቀስ ብለህ ንዳ!» አለ። ሹፌሩ እየተነጫነጨ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ እስከ ባሕር ዳር መንጋ ባየ ቁጥር ቆሞ አሳለፈ። ይቻል ኖሯል!

ባሕር ዳር

እግራቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አልተቆረጠም፤ ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም ተባልን። ሐኪም ቤት ሳለን የገጫቸው ሹፌር ሽማግሌዎች አስከትሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። የጠበቅሁት አውሬ ነበር፤ የመጣው ከሲታ ጎልማሳ ነው።

«አባ፣ ይቅር ይበሉት» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «በቅሎዋ ድንገት ብትገባበት እኮ ነው።»

«ይቅር ብያለሁ» አሉ አጎቴ። «ግን በቅሎዋ አልገባችበትም። በእሷ አይሳበብ።»

ሁላችንም ሹፌሩን አየነው። «ተናገር እንጂ!» አልሁ እኔ፤ አጎቴ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ሹፌሩ መሬት መሬት እያየ «እኔ ነኝ የገባሁባችሁ፣ አባ» አለ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት።

እኔ አልፈታሁትም። ሹም አቦ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅም አልፈታሁትም። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት፣ ለሞት የሚያቻኩለን ሹፌሩ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ኋላው ተቀምጦ የሚስቀውም አብሮ ይነዳል።

ትናንት እትዬ ጥሩወርቅ ደወሉ። የበቅሎዋ ቁስል ጠግጓል፤ ሣር ትግጣለች። አጎቴ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ተመልሰዋል፤ ማኅሌት መቆም ግን አልቻሉም። ጓደኞቻቸው ቆመው ሲያሸበሽቡ፣ እሳቸው ጥግ ተቀምጠው በድምፃቸው ብቻ ይከተላሉ አሉኝ።