ማታ ይቆረጣል የተባለው እግር

በ1970 ዓ.ም. ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጎሚስታ ቤት ጎማ ስጠግን ቆይቼ ነው የዘመትኩት። ልጆች እየጠየቁኝ ስለሆነ ያየሁትን እናገራለሁ። ያላየሁትን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ምሥራቅ ግንባር አንድ ኮረብታ ነበረ። አለቆች በቁጥር ይጠሩታል። እኛ ራሰ በራው እንለው ነበር፤ ጭንቅላት የሚደብቅ ቁጥቋጦ እንኳ አልነበረውም። ትዕዛዙ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ መትረየስ ያዘን። ተኛን። እንደገና ተነሳን። ሞርታር ከኋላችን ወደቀ፣ ከዚያ ከፊታችን። ሦስተኛው መሃላችን አረፈ። ግራ ጉልበቴን ሞቀኝ እንጂ አላመመኝም። አጠገቤ የነበረው ታደሰ፣ መትረየስ ተኳሻችን፣ «ተመታህ እንዴ?» አለኝ።

«ትንሽ።»

«ትንሽ ከሆነ እየተሳብክ ውረድ» ብሎ ተኩሱን ቀጠለ።

ተሳብኩ። ረፋዱ ላይ ኮረብታው ተያዘ አሉ። እኔ ሲያዝ አላየሁም፣ ካሚዮን ላይ ተጭኜ ነበር።

ከአንዱ የቁስለኛ ድንኳን ወደ ሌላው ስዛወር ቆይቼ አዲስ አበባ ደረስኩ። የአራዳ ጊዮርጊስ ደወል የሚሰማበት ሆስፒታል አስተኙኝ። ቤቴ ቅርብ ነው፣ መሄድ ግን አልችልም። ቁስሉ ደርቋል። ጉልበቴ ግን ከልክ በላይ እንደተነፋ የጎማ ካላማዳሪያ ተወጥሯል፣ ይፋጃል። ቀጥሎ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ አበጠ፣ ከዚያ የእጄ አንጓ። ያልተመታሁት ቦታ ለምን ያብጣል? መርዙ ወደ ላይ እየወጣ ነው ብዬ ወሰንኩ።

ከጎኔ የተኛው አሥር አለቃ ሽፈራው የውቤ በረሃ ልጅ ነው። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል። «አይዞህ ጎሚስታው፣ ያንተ ግራው ከሄደ ለሁለታችን አንድ ጥንድ ጫማ ይበቃናል» ይለኝ ነበር።

ሐኪሙ ከኩባ የመጣ ረጅም ሰው ነው። አማርኛ የሚያውቀው አንዳንድ ቃል ብቻ ነው። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየ። ጉልበቴን ዳበሰ፣ አንጓዬንም ዳበሰ። በሲስተር አልማዝ አስተርጓሚነት፣ «ግንባር ላይ ተቅማጥ ይዞህ ነበር?» አለኝ።

«ያልያዘው ማን አለ? ሆዴን ከጉልበቴ ምን አገናኘው?» አልኩ።

ሲስተርን ሌላ ቁስለኛ ጠራት፣ ሄደች። ሐኪሙ ራሱ ሊያስረዳኝ ፈለገ። እግሬን በጣቱ ነካ አድርጎ ቀስ ብሎ፣ «ኩርት... ማት» አለ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ወጣ።

«ምን አለ?» አልኩት ሽፈራውን።

«ቁረጥ፣ ማታ» አለ። አልሳቀም።

ሽፈራው የቤቱን ደንብ ያውቃል። «ሆዱ የሞላ ሰው ማደንዘዣ አይሰጡትም። ብላ» አለኝ። ምሳዬን በላሁ። የሱንም በላሁ። እናቱ ያመጡለትን ዳቦ ጨመርኩበት። ጎማ ከብረት ቸርኬው የሚላቀቀው በእግር ተረግጦ ነው። ሌላ ሙያ የለኝም። ያ እግር ከሄደ የእንጀራ ገመዴ አብሮ ይሄዳል።

አመሻሹ ላይ ሲስተር አልማዝ ረጅም መርፌ በትሪ ይዛ መጣች። ሐኪሙ ከኋላዋ ነበር። ከአልጋዬ ጎን የቆመውን ክራንቼን አነሳሁ።

«ማንም እንዳይነካኝ።»

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ማታ እንደምትቆርጡኝ አውቄያለሁ። ጠግቤያለሁ፣ አትችሉም።»

«ማን ነው የነገረህ?»

«እሱ ራሱ ነዋ! ቁረጥ፣ ማታ አለኝ።»

ትሪውን አስቀመጠች። መጀመሪያ ሽፈራውን አየችው።

«ቁርጥማት ነው ያለህ» አለች። «ቃሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። 'ቁ' አይወጣለትም። ሆድህን የያዘህ በሽታ ነው መገጣጠሚያህን ያስቆጣው። ፍንጣሪው ሥጋህ ውስጥ ነው እንጂ ጉልበትህ ውስጥ አልገባም ይላል። አሁን ከጉልበትህ ፈሳሽ ቀድቶ ያየዋል። መግል ካልሆነ በመድኃኒት ትድናለህ።»

«መግል ከሆነስ?»

«ያን ጊዜ ምን እንደበላህ እጠይቅሃለሁ።»

ክራንቹን አወረድኩ። ጨርቅ ነከስኩ። የወጣው ቢጫ ፈሳሽ ነው። ላብራቶሪ አይተው መግል አይደለም አሉ። ሽፈራው፣ «እንግዲያው ምሳዬን መልስ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ እንክብል ነው። እብጠቱ ሲጎድል አሸዋ የሞላ ከረጢት እግሬ ላይ አስረው አንሳ ይሉኝ ጀመር። ተኝቶ የከረመ ጉልበት እንደዛገ ብሎን ነው፣ አልታጠፍ አለ። የኮሪደሩን ግድግዳ ይዤ ስሄድ ሲስተር ከኋላዬ፣ «እጠፈው እንጂ አትጎትተው» ትላለች። አልቅሻለሁ። ክረምት ሲገባ ቁጢጥ ማለት ቻልኩ።

ወደ ግንባር መመለስ አለመመለሴን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ፊት የምቀርብበት ቀን ደረሰ። ሽፈራው፣ «ፋራ አትሁን። አይታጠፍም በላቸው» አለኝ። ገባሁ። «ቁጢጥ በል» አሉኝ። ያንን ጉልበት ለማጠፍ ያየሁትን መከራ አይቻለሁ፤ አይታጠፍም ልል ብል አፌ እምቢ አለኝ። ቁጢጥ አልኩ። ተነሳሁ። ለግዳጅ ብቁ ነህ አሉኝ።

ሽፈራው ሲሰማ፣ «ቢቆርጡህ ይሻልህ ነበር» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከሰዓት በኋላ የክፍላችን ሾፌር ቁስለኛ አድርሶ ሊጠይቀኝ ገባ። ክፍላችን ወደ ሰሜን ተዛውሮ ነበር። ራሰ በራውን ስንወጣ የአንድ ጓድ ሰዎች ዘጠኝ ነበርን። ሁለቱ እዚያው ሲወድቁ አይቻለሁ። የቀሩትን በስም እየጠራሁ ጠየቅኩት።

«ታደሰ?»

«የለም።»

«ገብሬ?»

«የለም።»

«የወሎው መሐመድስ?»

ራሱን ነቀነቀ። ከሁለቱ ጋር አምስት ሆኑ። ከዚያ በላይ አልጠራሁም።

ጀግና ነበርክ ወይ ይሉኛል ልጆቹ። እኔ እግሬን ለማትረፍ የሁለት ሰው ምሳ በልቻለሁ። የሞቱት ጓደኞቼ ለዚያ እንኳ ጊዜ አላገኙም። ሌላ የምለው የለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ክራንቹን ለሲስተር አልማዝ መለስኩና ወደ ግንባር የሚወስደን ካሚዮን ወደቆመበት ወረድኩ። አንድ ወታደር ከላይ ሆኖ እጁን ዘረጋልኝ። «ተወው» አልኩት። በግራ እግሬ ረግጬ ወጣሁ።