የይሻው ተራ

የሺ ባሏን ይሻውን ማስታመም ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ጋፋት አጠገብ የገብስና የስንዴ ማሳ አላቸው፤ ዛሬ የምታሳርሰው እሷ ናት። ይሻው ፓርኪንሰን የሚባለው ሕመም አለበት። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃው አጥሯል፣ ፊቱም እንደ ድሮው ደስታና ኀዘን አያሳይም።

በሚካኤል ማኅበራችን ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አምና ይሻው ዘንድ ሲደርስ ጠላው ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ።

«አንተ፣ ከቤትህ ጠጥተህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለው ጓደኛው ዓለምነው። ሳቅን። ይሻው ከዚያ ወዲያ ማኅበር ቀረ።

ዘንድሮ የመደገስ ተራው ደረሰ። ተረኛ ጽዋውን ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። እኛ ግን ዓለምነው ቤት ተሰብስበን፣ «የሺ በየት አቅሟ? ይታለፉ» ብለን ጽዋውን ለሌላ ልንሰጥ ስንል እሷው ራሷ ገባች።

«ተራችንን ማን ወሰደው?»

«አዝነንልሽ እኮ ነው፣ እቴ» አለ ዓለምነው።

«ሐዘናችሁን ለቀብሩ አቆዩት። ገና አልሞተም።»

ቄስ ሞገስ፣ «ጸበሉን ሞከርሽለት?» አሏት።

«ወስጄዋለሁ አባ፤ መድኃኒቱንም ይውጣል። ሐኪሙ እንደነገረኝ አንጎሉ ለእጁ የሚልከው ትእዛዝ ነው የተዳከመው። ስካርም እርግማንም አይደለም። ጨርሶ አይድንም፤ ክኒኑን በሰዓቱ ከዋጠ ግን ለጥቂት ሰዓት ሰውነቱ ይፈታለታል። ያኔ ኑ። ማገዝ ካማራችሁ ሚስቶቻችሁ ጌሾ ይውቀጡልኝ፤ ገበያ ስወጣም አንዳችሁ አብሮት ይቀመጥ። ተራውን ግን አትንኩበት።»

ጽዋውን ይዛ ወጣች።

ስናዝንለት ከመካከላችን እያወጣነው ነበር። ርኅራኄና ስንብት እንዲህ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስባለሁ።

የሚካኤል ዕለት ይሻው ጋቢውን ለብሶ በር ላይ ተቀበለን። የሺ አስቀድማ፣ «ጽዋውን ሲይዝ እጃችሁን ሰብስቡ» ብላናለች። በሁለት እጁ ይዞ ተጎነጨ፤ ከዚያ አጠገቡ ለተቀመጠው ለዓለምነው ዘረጋለት። ጊዜ ወሰደ። ማንም አልደገፈውም። ሊደርስ ሲል እጁ ተንቀጠቀጠና ጠላው የዓለምነው ጋቢ ላይ ፈሰሰ።

«እሰይ!» አለ ዓለምነው ጋቢውን እያራገፈ። «ዛሬ ደግሞ ሰክሮ መጣ የምባለው እኔ ነኝ!»

የይሻው ፊት እንዳለ ነው። ከደረቱ ግን ሳቅ ወጣ። የሺ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ቅጂለት እንጂ» አላት ይሻው፣ «ጎሎበታል።»