የሠርክአዲስ ስም በሥዕሉ ግርጌ

ዕድሜዬን በእርሻ አሳልፌ ፊደልን የለየሁት ከስድሳ ዓመቴ በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሱቅ ታፔላ ነው። «ሥጋ ቤት» የሚለውን ከተሰቀለው ሙዳ፣ «ጫማ ቤት» የሚለውን ከተደረደረው ጫማ ጋር እያስተያየሁ ማንም ሳያስተምረኝ ተማርሁ። ታፔላዎቹን ሁሉ የጻፈችው አንዲት ሴት መሆኗን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ጽሑፉ የባለሱቁን ስም እንጂ የእርሷን አይናገርም።

ሠርክአዲስ ትባላለች። አባቷ አለቃ ይርሳው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ከቡሬ እስከ ሊበን በየደብሩ ሲሥሉ ኖረው፣ ሙያውን ለልጃቸው ትተው ሞቱ። እርሷም አዘቦቱን የሱቅ ታፔላና የባጃጅ ጀርባ ትጽፋለች። የደብር ሥራ ሲመጣ ቤቷ አቡጀዲ ወጥራ ቅዱሳንን ትሥላለች፤ ካህናቱ ወስደው ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል።

አንድ ጊዜ የአባቷን ሥራ ለማየት ወደ ገጠር ወረደች። አንድ ዲያቆን ሥዕሉን እያሳያት የሠራው እገሌ ነው ብሎ የሌላ ሰው ስም ነገራት። አልተከራከረችውም። እኔ ግን እንዲህ ሆኜ አልቀርም ብላ ተመለሰች።

አምና ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ ደብር የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል አዘዛት። አቡጀዲውንና ቀለሙን የገዛው ልዑልሰገድ የሚባል የእህል ነጋዴ ነው። በእኛ አገር ልማድ ሥዕል የሰጠ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ እጁን ዘርግቶ ተደፍቶ ይሣላል፤ ስሙም ከጎኑ ይጻፋል። ሠዓሊው አይሣልም፣ አይጻፍም። ሠርክአዲስ የእኔም ስም ይጻፍ ብላ ጠየቀች። የአሠሪ ኮሚቴው እናስብበት አላት። የኮሚቴው ጸሐፊ መምህር ቴዎፍሎስ፣ እሑድ እሑድ በከተማችን ቤተ መጻሕፍት የምናደርገውን የመጽሐፍ ውይይት የሚመራው ሰው ነው።

የዚያ ሰሞን መጽሐፍ ስለ አንድ ወጣት ሠዓሊ የተጻፈ ልብ ወለድ ነበር። ልጁ ከገጠር ወጥቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ያስተማሩትን ሽማግሌ ይክዳል፤ ስሙ ሲገን ወዳጅ ያጣል፤ በመጨረሻም አንዲት መስመር ማስመር አቅቶት ብቻውን ይቀራል። ሠርክአዲስን እንድትመጣ የጠራኋት እኔ ነኝ። ጣቷ ላይ ሰማያዊ ቀለም እንዳለ መጽሐፉን አንብባ መጣች።

ቴዎፍሎስ ገና ሲከፍት ልጁን የጣለው ስም መፈለጉ ነው አለ። ወጣቶቹም ተራ በተራ ይህንኑ ደገሙ። እኔ አልተስማማሁም። የጣለው መምህሩን መካዱ ነው፤ ስም መፈለግና መካድ አንድ አይደሉም አልሁ። ቴዎፍሎስ ፈገግ ብሎ ጋሽ ገብረሰንበት ለትዕቢት ጠበቃ ቆመዋል ሲል ቀለደብኝ። ቆሜያለሁ አልሁት።

ያን ጊዜ ሠርክአዲስ መጽሐፉን አንሥታ ሽፋኑን ወደ እኛ አዞረች።

«መምህር፣ ይህ ደራሲ ስም መፈለግ ጥፋት ነው ይለናል። የራሱን ስም ግን ከመጽሐፉ ስም አስበልጦ አጽፏል። ይፋቅ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቴዎፍሎስም ሳቀ፤ ግን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶታል።

«እትዬ ሠርክአዲስ፣ የመጽሐፍ ሌላ፣ የቤተ ክርስቲያን ሌላ። እዚያ የሚጻፈው የሰጠ እንጂ የሠራ አይደለም። ኮሚቴውም ያጸናው ይህንኑ ነው።»

«የሰጠ ሁሉ ይጻፋል?»

«ማንም ይሁን ማን።»

«እንግዲያው የእጄን ዋጋ ለሚካኤል ሰጥቻለሁ። እናንተም ሰምታችኋል።»

ሰምተናል። ቴዎፍሎስ ቃሉን በሰው ፊት ተናግሯልና ሊመልሰው አልቻለም። ገንዘቡ ግን የቤቷ ክዳን ሊለወጥበት የታሰበ ነበር፤ ክረምቱን በሙሉ ጣሪያዋ ሲያፈስ ከረመ። ልዑልሰገድ በበኩሉ ከታፔላ ጸሐፊ ጎን አልጋደምም ብሎ ጥቂት ካንገራገረ በኋላ፣ ቢያንስ እኔን ተለቅ አድርጊኝ ብሎ ላከባት። መሬት ላይ ከተደፉ ወዲያ ትልቅና ትንሽ የለም ብላ መለሰችለት።

በኅዳር ሚካኤል መጋረጃው ተገለጠ። ከመልአኩ እግር በስተግራ ልዑልሰገድ፣ በስተቀኝ ሠርክአዲስ ተደፍተዋል፤ ቁመታቸው እኩል ነው። እርሷ አንድ እጇን እንደ ደንቡ ዘርግታለች፤ በሌላው ብሩሽ ይዛለች። ፊቷ ወደ እኛ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ተከፍተዋል። ከጎኗ የተጻፈው ይህ ነው፦ «ይህን ሥዕል የሠራችና የሰጠች የአለቃ ይርሳው ልጅ ወለተሥላሴ፣ ሠርክአዲስ።» ወለተሥላሴ የክርስትና ስሟ ነው። ፈጣሪ በዚያ ያውቃታል፤ ሁለተኛውን ለሰው ጨመረችው።

ቴዎፍሎስ ከኋላዬ ቆሞ፣ «የሠራች» የሚለው በውሳኔው የለም ሲል አንሾካሾከልኝ።

«መሰላል አምጣና ፋቀው» አልሁት።

አልተንቀሳቀሰም። ከፊታችን የቆሙ አንዲት አሮጊት ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ከአባቷ ስም ጋር እስከ መጨረሻው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው። ከወዲያ ያሉት አልሰማንም አሉ፤ ደገምሁት።