የመቀመጫ ቁስልና የጠያቂ ብዛት

አትላስ አካባቢ አዲስ በተከፈተ የግል ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ መመሪያ «ታካሚ» የሚለውን ቃል እንድተው ነበር። «ሲስተር፣ እዚህ ደንበኛ ነው የምንለው» አለኝ ባለቤቱ ዶክተር። አሥራ አንድ ዓመት በመንግሥት ሆስፒታል ቁስል ስጠርግ ደንበኛሽ ነኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ይሁን አልኩ፤ እንጀራ ነው።

ጊዜው ቦሌ በየሳምንቱ ፎቅ የምትወልድበት ነበር። ፎቁ ሲበዛ ከፎቅ የሚወድቀውም በዛ፤ የእኔም ሥራ እሱ ሆነ። አከርካሪያቸው ተጎድቶ ዊልቸር ላይ የቀሩ ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞርኩ ቆዳቸውን አያለሁ፣ የቆሰለውን አክማለሁ፣ ያልቆሰለው እንዳይቆስል ቤተሰብ አስተምራለሁ።

ጋሼ ቶሎሳ ሲኤምሲ ቪላ ሳይበቅልበት በፊት እዚያው ጤፍ ያረሱ ሰው ናቸው። ልጃቸው የሚያሠራውን ቤት ሊያዩ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ወደቁ። ከወገባቸው በታች ምንም አይሰማቸውም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ነጭ ጋቢ ለብሰው ሳሎን መሀል ዊልቸራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከሥራቸው የተነፋ የመኪና ከመነዳሪ አለ። አባቴን ይመቸው ብሎ ከጎማ ውስጥ አውጥቶ ያመጣው ልጃቸው ነው።

«ያምዎታል ጋሼ?»

«ኧረ ምንም አያመኝ!»

ችግሩም እሱ ነበር። እኛ መቀመጥ ሲሰለቸን ሳናስበው እንገላበጣለን፤ እሳቸውን ገላበጥ በሉ የሚላቸው ሕመም የለም። በጎናቸው አስተኝተን ስናይ፣ ቀኝ መቀመጫ አጥንታቸው ላይ ሳንቲም የሚያህል ቁስል ወጥቶ ዙሪያው ቀልቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ በቀን ሁለቴ በአልኮል ይጠርጉታል፣ ፓውደር ይነሰንሱበታል፣ በላዩ ቫዝሊን ያሹታል። በፍቅር ነው፤ ቆዳውን ግን ገፈፉት።

አልኮሉን ከለከልኩ። ከመነዳሪውንም አስወጣሁ፤ መሀሉ ክፍት ስለሆነ ይመቻል ይመስላል እንጂ ዙሪያውን ተጭኖ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል። በምትኩ ወፍራም ስፖንጅ አስቆረጥኩ። ቁስሉን በሳላይን፣ በንጹሕ የጨው ውኃ፣ አጥቤ በጎዝ ሸፈንኩት። በየግማሽ ሰዓቱ ለሁለት ደቂቃ ክብደታቸውን ከመቀመጫው እንዲያነሡ፣ ከሰዓት በኋላም በጎናቸው እንዲተኙ አዘዝኩ። «እሺ ልጄ» አሉ።

በሳምንቱ ስመለስ ቁስሉ ሰፍቷል። በሦስተኛው ሳምንት ጠልቋል። ለዶክተር ነገርኩት።

«ከውጭ ያስመጣነው ቅባት እያለ ምን ሆነሽ ነው?»

«ቅባት አይደለም የጠፋው። ሰውዬው ከወንበሩ አይነሡም።»

«ደንበኛ ሰውዬው አይባልም» አለኝ። ቁስሉን መጥቶ ሲያይ ግን የቃል ምርጫው ጠፋበት። ልጃቸውን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ አጥንት ከነካ ወራት በሆዳቸው ተኝተው ሆስፒታል እንደሚከርሙ፣ የቁስሉ መርዝ ደማቸው ውስጥ ከገባ ደግሞ ላይመለሱ እንደሚችሉ ነገረው።

በአምስተኛው ሳምንት ሳልነግራቸው ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ሳሎኑ ጢም ብሏል፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የእድር ሰው። ሁሉም «እግዜር ይማርዎ» ይላል፣ ሁሉም አንድ አንድ ሰዓት ይቀመጣል፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ጋሼ ቶሎሳ መሀል ላይ እንደ ዳኛ ቀጥ ብለዋል። እግዜር ይማርዎ እያለ የሚገድላቸው ጠያቂያቸው ነበር።

ሰዉ ሲወጣ ጮህኩባቸው፤ አልክድም። «ጋሼ፣ ይተኙ አላልኩም? ለማን ብለው ነው እንዲህ የሚቀመጡት?»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ልጄ፣ ሰው ሲገባ ብድግ ብዬ ኖር አለማለቴ አንሶ፣ ጭራሽ ተጋድሜ ልቀበለው?» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ አፈርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ያየሁት ቁስሉን ብቻ ነው።

«እንግዲያው ይነሡላቸው» አልኩ። ክንዳቸው ገና የገበሬ ክንድ ነው። ሰው በገባ ቁጥር የዊልቸሩን ፍሬን ይይዛሉ፣ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ተጭነው ከመቀመጫቸው ከፍ ይላሉ፣ «ኖር!» ይላሉ። ከዚያ ፊታቸው ባስቀመጥነው ጠረጴዛ ላይ በክንዳቸው ተደግፈው፣ ሰላምታው እስኪያልቅ ወደ ፊት አጎንብሰው ይቆያሉ። የእኛ ሰላምታ ደግሞ መች ያልቃል! ጤናው፣ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ዱሮ የተሸጠው ከብት ሳይቀር ይጠየቃል። ሁለት ደቂቃ ብዬ የለመንኳቸው አራት ሆነ። ከምሳ በኋላ ለሚመጣው ወይዘሮ ጫልቱ በር ላይ «ጸሎት ላይ ናቸው» ይሉታል። ጸሎተኛው ውስጥ በጎናቸው ተኝተው ያንኮራፋሉ።

መጀመሪያ የተነሡላቸው ለአንድ የድሮ ጎረቤታቸው ነው። ሰውዬው ደንግጦ ሁለት እጁን ዘረጋና «በእግዜር! በማርያም፣ ይቀመጡ ጋሼ!» አለ። ከወደቁ ወዲህ ይቀመጡ ያላቸው ሰው አልነበረም። የዚያን ቀን ሳቃቸው ግቢው ድረስ ተሰማ።

በአራተኛው ወር ቁስሉ ገጠመ። ዶክተር የቅባቱ ውጤት ነው ብሎ ለሌሎች ደንበኞች አወራ። ቅባቱ ሳይከፈት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ለእናንተ ለጀማሪ ነርሶች የምለው ይህን ነው። ፋሻውን ከመፍታታችሁ በፊት፣ ታካሚው ቀኑን ሙሉ ለማን ብሎ እንደሚቀመጥ ጠይቁት። እኔ የጠየቅኩት በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ ያውም በጩኸት።