የዓለሚቱ አናት

ዓለሚቱ የወንድሜ ሚስት ናት። ወንድሜ ካረፈ በኋላም ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ግቢ እንኖራለን፤ ጥጥ እየፈተልን ለሸማኔ እንሸጣለን። የእሷን ያህል ክር የሚያቀጥን በሰፈራችን የለም። ሻሿን ግን ለመኝታም አትፈታም ነበር።

ሰው ሁሉ ላሽ ወጥቶባት ፀጉሯ የረገፈ ይመስለው ነበር። ቅቤ ተቀባች፣ ሬት ተቀባች፣ ጠበልም ወሰድናት። ዓለሚቱ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ፀጉሯን በገዛ እጇ ከአናቷ ላይ አንድ በአንድ ትነቅል ነበር። እኔ አውቃለሁ። አመል ነው፣ አመል ደግሞ ከሰው ጋር ይቀበራል ብዬ ትቼዋለሁ።

ልጇ ርብቃ ስትታጭ ነገሩ ከበደ። ሠርጉ ሲቃረብ ሴቶች ተሰብስበው የሙሽራዋንም የእናቷንም ፀጉር ይሠራሉ።

“ያን ቀን ታማለች በያቸው” አለችኝ ዓለሚቱ።

ሠርጉ ገና ከጥምቀት በኋላ ነው፤ እኛ ያለነው መስከረም ላይ። ርብቃ ሰምታ አለቀሰች። “አንቺ ከሌለሽ እኔም አልዳርም፣ እማዬ!”

ወደ ሆስፒታል የወሰደቻት ርብቃ ናት። ዓለሚቱ ብቻዬን አልገባም ስላለች እኔም ተከተልኩ። ምሕረትአብ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ተቀበለን። መድኃኒት የሚሰጠን መስሎን ነበር፤ እሱ ወንበር ሰጥቶን ጨዋታ ጀመረ። ፀጉሯን እንደምትነቅል እኔ ነገርኩት።

“ከመንቀልዎ በፊት ምን ይሰማዎታል?”

“ምንም።”

“ከነቀሉ በኋላስ?”

ዓለሚቱ ሻሿን ነካ አደረገች። “ቀለል ይለኛል። ከዚያ አፍራለሁ።”

ይህን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ስም ያለው ሕመም መሆኑን፣ ብዙ ሰው እንዳለበት ነገራት።

“ወሬ ብቻ? ወሬማ እቤታችንም ሞልቷል” አልኩ ስንወጣ።

እሷ ግን በየሳምንቱ ሄደች። እጇ ወደ አናቷ ሲነሣ ልብ እንድትል፣ ያን ጊዜም እንዝርቷን እንድታነሣ አስተማራት። ከሻሿ ሥር አጫጭር ፀጉር ብቅ ብቅ አለ። ቆይቶ ደግሞ ያው ቦታ ተመለጠ። ዓለሚቱም ሆስፒታሉን ተወችው። ርብቃ ለምና መልሳ ስትወስዳት እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ምሕረትአብ ለምን እንደቀረች ጠየቃት።

“የሰይጣን ሥራ ነው፣ ልጄ። የሚመጣብኝ ቀን እየመረጠ ነው። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም። ሰንበትማ አይነሣ! ሰይጣን ካልሆነ በበዓል ለምን ይመጣል?”

እሱም ግራ ገባው። “በበዓል ቀን ምን ይለያል?”

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። “አይ ከተሜ! በበዓል ማን ይፈትላል? እንዝርቷማ ተሰቅሏል!”

ግንባሩን መታ። “እናቴ ብትሰማኝ ታስገዝተኝ ነበር” አለና ወደ ዓለሚቱ ዞረ። “ሰይጣን አይደለም፤ እጅዎ ሥራ ፈትቶ ነው። በበዓል ቢይዙት የማይከለከል ምን አለ?”

ዓለሚቱ አሰበች። “መቁጠሪያ።”

ከዚያ ወዲያ በበዓል ቀን መቁጠሪያዋ ከጣቷ አይለይም። አንዳንዴ ግን እጇ ያመልጣታል፤ ያመለጣትን ቀን ለምሕረትአብ ትነግረዋለች።

ሠርጉ ሲቃረብ ሴቶቹ ቤቱን ሞሉት። ፀጉር የምትሠራው እትዬ ውዴ የዓለሚቱን ሻሽ ፈታች። ዳር ዳሩ ጥሩ ነው፤ አናቷ ላይ ያለው ገና በጣት እንኳ አይጨበጥም፣ መሐሉም ገላጣ ነው።

“ኧረ በስማም! ይኼን ምን በላው?”

“ላሽ ነዋ!” አለች አንዷ ከኋላ።

ዓለሚቱ ጉልበቷን ጨበጠች። ተነሥታ የምትወጣ መስሎኝ በሩን ለቀቅኩላት።

“ላሽ አይደለም” አለች። “እኔው ነኝ የነቀልኩት። ሕመም ነው፤ አሁን እየታከምኩ ነው።”

እትዬ ውዴ ሚዶዋን እንደያዘች ቆመች።

“ታዲያ እኔ የሠራሁትን ነቅለሽ ብታሳፍሪኝ አልምርሽም!” አለች በመጨረሻ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ዓለሚቱም ሳቀች። “በይ አንገትሽን ቀና አድርጊ። አጭሩን ትቼ ዙሪያውን እሠራዋለሁ።”

ዓለሚቱ አንገቷን ቀና አደረገች። ርብቃ አጠገቧ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች።